ከሣር ባሕር ወደ አባይ ማዶ፦ የቄሱ ንጉሥ አገር

በ1145 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ከሮም ራቅ ብላ ባለችው ቪቴርቦ ከተማ፣ ሂዩ የተባለ የሶርያ ጳጳስ የሮማውን ፖፕ እርዳታ ሊጠይቅ መጣ። ከጥያቄው ጋር አንድ ወሬ ይዟል። ከፋርስና ከአርመን ወዲያ፣ በምሥራቁ ዓለም ጫፍ፣ ንጉሥም ቄስም የሆነ ዮሐንስ የሚባል ክርስቲያን ገዥ አለ። የፋርስን ነገሥታት ድል ነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊረዳ ሲገሰግስ ጤግሮስ ወንዝ ደረሰ፤ ሠራዊቱን የሚያሻግርበት አጣ። ወንዙ በሰሜን በኩል በብርድ ይረጋል ቢሉት ወደዚያ አቅንቶ ዓመታት ተቀመጠ። ውሃው ግን አልረጋም። ሰዉ በአየሩ እያለቀ ሲያስቸግረው ወደ አገሩ ተመለሰ። ወሬውን ጽፎ ያቆየልን በዚያ የነበረው ጀርመናዊ ጳጳስና የታሪክ ጸሐፊ፣ ኦቶ ዘፍራይዚንግ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የዚያ ቄስ ንጉሥ አገር ነው። አገሩ ኖሮ አያውቅም፤ ነገር ግን ወንዝ፣ ተራራ፣ ሕዝብ፣ እንስሳት፣ ሕግና የግብር ሥርዓት ተሰጥቶት ከአራት መቶ ዓመት በላይ በካርታና በመጽሐፍ ኖሯል። መጀመሪያ የተተከለው በእስያ የሣር ሜዳ ላይ ነበር። በኋላ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ተዛወረ። ስለዚህ ጉዳዩ በጎጃም ለእነብሴ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው የሩቅ አገር ተረት ብቻ አይደለም፤ አውሮፓውያን በመጨረሻ ያንን አገር ፍለጋ ሲመጡ ካገኙት እውነተኛ ነገር አንዱ የእነብሴዋ መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነች። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በቅድሚያ ሜዳው። ጂኦግራፈሮች ስቴፕ የሚሉት ምድር ከሃንጋሪ ተነሥቶ በዩክሬን፣ በካዛክስታንና በሞንጎልያ አድርጎ እስከ ማንቹሪያ ይዘረጋል፤ ርዝመቱ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናቡ ለሣር ይበቃል፤ ለዛፍ አይበቃም። ክረምቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ አለው፤ በጋው አጭርና ሞቃት ነው። እርሻ ስለማያስተማምን ሕዝቡ ኑሮውን የመሠረተው በእንስሳት ላይ ነው፤ በጉ ሥጋና ጸጉር ይሰጣል፣ ከጸጉሩ ድንኳን የሚሆን ወፍራም ምንጣፍ ይዳመጣል፣ ፈረሱ ያጓጉዛል፣ የባዝራዋ ወተት ታምሶና ኮምጥጦ ይጠጣል። ሣሩ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ይህ ዝም ብሎ መንከራተት አይደለም፤ እያንዳንዱ ጎሣ የበጋና የክረምት ግጦሹን፣ ውሃውንና መሸጋገሪያውን ያውቃል፣ በድንበሩም ይዋጋል።

ለወሬው መነሻ የሆነው፣ ከዚህ ሜዳ የተነሣው እውነተኛ ነገር አንድ ጦርነት ነው። በ1141 ሰመርቀንድ አጠገብ፣ ቀጥዋን በተባለ ሜዳ፣ ከሰሜን ቻይና ተገፍቶ የመጣው የቃራ ኪታይ መሪ ዬሉ ዳሺ የሰልጁቁን ሱልጣን ሳንጃርን አሸነፈ። ሱልጣኑ በዘመኑ ታላቅ የእስላም ገዥ ነበርና ዜናው በንጋድያን አፍ እስከ ሶርያ ወረደ። የመስቀል ጦረኞች በያዙት ባሕር ዳርቻ ያሉ ክርስቲያኖች ሲሰሙት ቀላል ስሌት አሰሉ፦ የጠላታችን ጠላት ከሆነ ክርስቲያን መሆን አለበት። ዬሉ ዳሺ ክርስቲያን አልነበረም። ቄስ ደግሞ ጨርሶ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ገደማ እንዳለፈ፣ ወደ 1165 አካባቢ፣ ወሬው ደብዳቤ ሆነ። ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ኮምኔኖስ ከቄሱ ንጉሥ እንደተላከ ተደርጎ በላቲን የተጻፈ ነው፤ እውነተኛ ደራሲው ዛሬም አይታወቅም። ሰባ ሁለት ነገሥታት ይገብሩልኛል ይላል። በአገሬ መካከል ከገነት የሚወጣ ወንዝ ዕንቁ እያንከባለለ ያልፋል፤ የቁንዶ በርበሬ ዱር አለኝ፤ ማዕበሉ አሸዋ የሆነ ውሃ አልባ ባሕር አለኝ፤ የጠጣበትን ሰው ወደ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው የሚመልስ ምንጭ አለኝ፤ ግዛቴን ሁሉ የማይበት መስተዋት ከቤተ መንግሥቴ ፊት ተሰቅሏል፤ ሌባና ውሸታም በአገሬ የለም። ደብዳቤው በመላው አውሮፓ ተገለበጠ፣ ወደየቋንቋው ተመለሰ፤ ገልባጮቹም በየጊዜው አዳዲስ ተአምር እየጨመሩ አሰፉት። በ1177 ፖፕ አሌክሳንደር 3ኛ ለዚሁ ንጉሥ መልእክት ጽፎ ፊልጶስ በተባለ ሐኪሙ እጅ ላከ። ሐኪሙ የት እንደደረሰ የሚናገር መዝገብ አልተገኘም።

ደብዳቤውን ዛሬ የሚያነብ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ስለ ሣር አንድም ነገር የለበትም። ስለ ብርድ፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ባዝራ ወተት ዝም ነው። የምሥራቅ አገር ተብሎ የተሣለው ከድሮ መጻሕፍት፣ በተለይ ስለ እስክንድር ዘመቻ ከተጻፉት ተረቶች የተለቀመ ዕቃ ነው። ደራሲው ምድሩን ስላላየ ምድሩን መጻፍ አልቻለም፤ የቻለው ምኞትን መቁጠር ነው። ሕዝብ የሌለው አገር የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ሀብቱ በዝርዝር ይነገራል፣ ሰዉ ግን ምን በልቶ እንደሚያድር አይነገርም።

በእውነተኛው ሜዳ ላይ ግን በእርግጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ታሪካቸውም ከደብዳቤው ይልቅ ያስደንቃል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከረይት የተባለው የሞንጎልያ ሕዝብ በንጋድያን በኩል የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንን እምነት ተቀበለ። ሶርያዊው የታሪክ ሊቅ ባር ሄብሬዎስ እንደጻፈው፣ በመርቭ የነበረው ሜትሮፖሊታን አብዲሾ ለፓትርያርኩ ከባድ ጥያቄ አቀረበ፦ እነዚህ ሰዎች ከሥጋና ከወተት በቀር ምግብ የላቸውም፣ እህልም አያውቁም፤ ዐቢይ ጾምን እንዴት ይጹሙ? ፓትርያርኩም ከሥጋ ይከልከሉ፣ የጾም ምግብ ካላገኙ ግን ወተቱን ይጠጡ ብሎ ፈቀደ። በሽሮና በምስር፣ በተልባና በሱፍ ጾሙን የሚያልፍ የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። እምነት ወደ አዲስ ምድር ሲገባ መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ስለ ሥላሴ የሚነሣው ክርክር ሳይሆን በሞሰብ ላይ ያለው ነገር ነው። የደብዳቤው ደራሲ ስለ ዕንቁ ወንዝ ሲያልም ይህ እውነተኛ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከረይቶች ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ንጉሣቸው ቶግሩል የጀንጊስ ካን ደጋፊና አጋር ከዚያም ባላንጣ ሆኖ በ1203 ተሸንፎ ሞተ። የወንድሙ ልጅ ሶርቃቅታኒ ከጀንጊስ ልጅ ጋር ተጋብታ ሦስት ገዥዎችን ወለደች፤ ሞንግኬና ኩብላይ ታላላቅ ካኖች ሆኑ፣ ሁላጉ ፋርስን ገዛ። እናታቸው እስከ ሞቷ ድረስ ክርስቲያን ነበረች። ማርኮ ፖሎ በኋላ ቄሱ ንጉሥ ያ ቶግሩል ነው ብሎ ጽፏል።

በዚህ መካከል ወሬው ሰው ገደለ። በ1221 የመስቀል ጦረኞች የግብፅን ዲምያጥ ወደብ ይዘው ሳለ፣ ዳዊት የተባለ የቄሱ ንጉሥ ዘር ከምሥራቅ የእስላም ከተሞችን እየደመሰሰ እየመጣ ነው የሚል ጽሑፍ ደረሳቸው። የአካው ጳጳስ ዣክ ዘቪትሪ ዜናውን ወደ አውሮፓ አሰራጨ። የሚደመስሰው በእርግጥ ነበረ፤ ስሙ ጀንጊስ ካን ነው፣ ለኢየሩሳሌምም ግድ አልነበረውም። ጦረኞቹ ተስፋ ሰንቀው በሐምሌ ወደ ካይሮ ገሰገሱ። ነሐሴ ሲገባ አባይ ሞላ፤ ግብፃውያን ቦዮቹን ከፈቱባቸውና ሠራዊቱ በጭቃና በውሃ ተከቦ እጁን ሰጠ። ከሣር ሜዳው የጠበቁት ረዳት አልመጣም። የመጣባቸው በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ ጅረቶች የሚቀዳው አለበት። ከጊዜ በኋላ ቄሱ ንጉሥ የሚፈለግበት ምድር ውሃውን አስቀድሞ ልኳል ማለት ነው።

ሜዳውን በዓይናቸው ያዩት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ሁለት የፍራንቸስኮ መነኮሳት ናቸው። ጆቫኒ ካርፒኒ በ1245 ከሊዮን ተነሥቶ በ1246 የጉዩክ ካን ንግሥ ላይ ደረሰ፤ ዊልያም ዘሩብሩክ ከ1253 እስከ 1255 ካራኮሩም ደርሶ ተመለሰ። የሩብሩክ ጽሑፍ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፣ ምክንያቱም ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ይቀምሳል። ሳይፈርስ በሠረገላ የሚጫን ድንኳን አይቶ በመንኮራኩሮቹ መካከል ያለውን ስፋት ሃያ ጫማ አገኘው፤ የሚስቡትን በሬዎች ቆጥሮ ሃያ ሁለት አለ። የባዝራ ወተት መጀመሪያ ሲቀምስ በድንጋጤ እንዳላበው፣ በኋላ ግን እንደጣፈጠው ጽፏል። በቄሱ ንጉሥ ግጦሽ አልፌያለሁ፣ ከጥቂት ንስጥሮሳውያን፣ ማለትም ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ በቀር ስለ እርሱ የሚያውቅ አላገኘሁም ብሎም አረጋገጠ። አገሩ ቢታይ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ሜዳው ግን በሰው ተሞልቷል።

እንዲህ ያለ ምስክርነት ተረቱን መግደል ነበረበት። አልገደለውም፤ አሻገረው እንጂ። የሞንጎል ገዥዎች በየግዛታቸው እየሰለሙ ሄዱ፣ በፋርስ ያለው ጋዛን ካን በ1295 ሰለመ፤ አካ ከተማ በ1291 ወድቃ የመስቀል ጦረኞች ግዛት አከተመ። ከእስያ ተስፋ ሲጠፋ ወደ ሌላ ምሥራቅ መዞር ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ህንድ አንዲት አይደለችም፤ ሦስት ነች፣ ኢትዮጵያም ከሦስቱ በአንዷ ውስጥ ትቆጠር ነበር። በኢየሩሳሌም ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎችና መነኮሳት በዓይን ይታዩ ነበር፤ ጥቁር ክርስቲያን ንጉሥ እንዳላቸው ይናገራሉ። ዶሚኒካኑ ጆርዳኑስ ወደ 1330 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ቄሱን ንጉሥ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋር አንድ አደረገው። ከዚያ ወዲያ የሣሩ ባሕር ተረሳ።

የአገሩ ባለቤቶች ግን ምን አሉ? በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ተገኝተው በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቀረቡ። የንጉሣችሁ ስም ዮሐንስ ነው ሲሏቸው ስሙ ዘርአ ያዕቆብ መሆኑን ተናገሩ። አድማጮቹ ሰምተው መጠሪያውን አልተዉም። ሆኖም አንድ ሰው በሌላ መንገድ ሰማቸው። ቬኒሳዊው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ ትልቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን በዚያ ከተወለዱ፣ አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በገዛ እጃቸው ሥለው ካሳዩት ካህናት እንዳገኘ ካርታው ላይ አስፍሯል። በዚህም አባይ በስሙ በአውሮፓ ካርታ ላይ ታየ። ቄሱ ንጉሥ አሁንም እዚያው ካርታ ላይ ተጽፏል፣ ግን የእውነት ወንዝ አጠገቡ መፍሰስ ጀምሯል። ለዚህ ምዕራፍ ጸሐፊ ከሁሉም የሚልቀው ቅጽበት ይህ ነው፦ ስማቸው ያልተመዘገበ መነኮሳት በሰው አገር ተቀምጠው፣ ተረት ለሚጠብቅ ሰው የአገራቸውን ወንዝ ይሥላሉ።

የሣሉት ምድር ከስቴፕ ጋር ምን ያገናኘዋል? በመልክዓ ምድር ጥቂት። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በሰፊ ቅስት ይከባታል፤ መጀመሪያ ከበጌምድር፣ ቀጥሎ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ በመጨረሻም ከወለጋ ይለያታል። በቅስቱ መካከል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ላዩ ጓሳ ሣርና ጅባራ የበቀለበት ውርጭ፣ ዝቅ ሲል የገብስና የድንች ደጋ፣ ከዚያ የጤፍ፣ የስንዴና የባቄላ ወይና ደጋ፣ ከሥሩ ደግሞ የአባይ በረሃ ነው። ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነሥተው ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ። ስቴፕ ላይ ፈረሰኛ ሳምንታት ሲጋልብ አየሩ አይለወጥበትም። ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ ወደ አባይ የሚወርድ ሰው ግን በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢ ከሚያስለብስ ብርድ ወደ ንዳድ አገር ይገባል። እዚህ ሰዉን የሚለያየው ርቀት አይደለም፤ ገደል ነው። ማዶ ያለውን የአማራ ሳይንትን ተራራ በዓይን ያዩታል፣ ለመድረስ ግን ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ መልሶ መውጣት ያስፈልጋል። በክረምት አባይ ሲሞላ ደግሞ ያም ይቀራል። ከሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ በዚህ አገር ድልድይ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ምስክር ነው።

ይህ አቀማመጥ ሕዝቡን ቀርጾታል። የስቴፕ ሰው መብቱ በመንጋው ላይ ነበር፤ መንጋውን ነድቶ ከክፉ ገዥ ይሸሽ ነበር። የጎጃም ገበሬ መብቱ እስከ 1975 ድረስ በርስቱ ላይ ነበር፤ ርስት አይነዳም፣ ሰውም ከርስቱ አይለይም ነበር። የአባት አያቱን ስም ቆጥሮ መሬቱን ይጠይቅ ነበር፤ የእነብሴ፣ የእነሴና የእነማይ አገሮች ስም ራሱ በአካባቢው ትውፊት ከአቅኚ አባቶች ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚህ ላይ ደብርና ገዳም የቅኔና የዜማ ትምህርት ቤት ሆኖ ተማሪ ከአገር አገር ይጓዛል። አኮፋዳ ይዞ ደጅ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከንጋድያን ቀጥሎ መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ዓለማት ይመሳሰላሉ፤ አንድም የተረት ጸሐፊ አላሰበውም። በ1520 ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ፣ ቋሚ ዋና ከተማ የሌለውን የልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያሳየናል። ንጉሡ በሺዎች በሚቆጠሩ ድንኳኖች መካከል ይኖራል። ሰፈሩ የትም ቢተከል ሥርዓቱ አንድ ነው፤ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ፣ የድንኳን ቤተ ክርስቲያናቱ በቦታቸው፣ ገበያው በቦታው፣ በሰንሰለት የሚጓዙት አንበሶችም በቦታቸው። አዲስ ሜዳ ላይ ሲያርፉ ሁሉም ሳይጠይቅ ስፍራውን ያውቃል። ሩብሩክ ከ270 ዓመት በፊት ስለ ሞንጎል ሰፈር የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የካኑ ድንኳን ፊቱ ወደ ደቡብ፣ የሚስቶቹ ተራ በተራ፣ ሕዝቡም በግራና በቀኝ ሥርዓቱን ጠብቆ። ምክንያታቸው ግን ይለያያል። የሞንጎል ሰፈር ሣር ይከተላል። የኢትዮጵያው ሰፈር የገበሬውን ጎተራ ይከተላል፤ አንዱ አገር እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለንጉሡ ክብር የሆነው ሰፈር ለባላገሩ ከባድ ሸክም ነበር።

አልቫሬዝ መጽሐፉን ሲያሳትም ርዕሱ ላይ የቄሱን ንጉሥ ስም አልተወም፤ በ1540 ሊዝበን የታተመው ስለ «ህንድ ቄስ ዮሐንስ አገሮች» እውነተኛ መረጃ ተብሎ ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጨው እንደ ገንዘብ መገበያያ መሆኑ፣ አንበጣ እህል መፍጀቱ፣ ሰዉ መጾሙ፣ ዳኝነት መታየቱ ነው። እውነቱ በተረቱ ሽፋን ታሽጎ ገባ።

መልእክተኞቹን ያመጣቸው የአንዲት ሴት ደብዳቤ ነው። ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነች፤ በቤተ መንግሥት ለረጅም ዘመን ከፍ ያለ ሥልጣን ኖሯት ልብነ ድንግል በልጅነቱ በ1508 ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት ያዘች። ከባሕር በኩል የሚመጣውን አደጋ አስቀድማ አይታ ማቴዎስ በተባለ አርመናዊ እጅ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ላከች፤ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ከ1165ቱ ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ልብ ይነካል። ያኛው ከሌለ ንጉሥ የመጣ የትምክህት ደብዳቤ ነው። ይህኛው የራሷን ጉልበትና ጉድለት ከምታውቅ ንግሥት የመጣ ነው፦ በየብስ ሠራዊት አለን፣ በባሕር መርከብ የለንም፣ እናንተ መርከብ ካላችሁ እንተባበር።

እሌኒ ርስቷ በጎጃም ነበርና በመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠራች። ቦታው በትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጀምሮ የተቀደሰ ነው ይባላል። በ1494 ገደማ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ ንግሥቲቱ ባሠራችው የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ለመሠዊያው ሥራ እንደታዘዘ ለአልቫሬዝ ነግሮታል፤ መሠዊያው ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተለብጧል፣ ታቦቱም የወርቅ ነው። እሌኒም በዚያው ተቀበረች። ቄሱን ንጉሥ ፍለጋ ከአገሩ የወጣ ሰላይ በመጨረሻ የሐዲያ ተወላጅ ለሆነች ንግሥት በእነብሴ ምድር መሠዊያ አሠራ፤ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ርስት ይዞ በኢትዮጵያ ቀረ።

ወርቁ አልቆየም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ሕንፃው ተቃጠለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን በፍርስራሹ ላይ በተጠረበ ድንጋይና በኖራ እንደገና ማነጽ ጀመሩ፤ ሥራው ብሩኖ ብሩኒ ከተባለው ጣሊያናዊ ጋር ይያያዛል። ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ሲለቅ እነርሱም ተባረሩ። አበባ የተቀረጸበት ድንጋይና ቅስቱ ግን ቀረ። በ1840ዎቹ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ስለ ፍርስራሹ ጽፎ አሳትሟል፤ በኋላም ስለ ጣናና አባይ የጻፈው ቺዝማን አይቶታል።

ኢየሱሳውያኑ ለሕዝቡ እምነት ያሳዩት ንቀት ብዙ ደም አስፈስሷል፤ ይህ መሸፈን የለበትም። በጂኦግራፊ ግን አገሩን በዓይኑ ካየ ሰው የሚጠበቀውን ሠርተዋል። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ ዶሚኒካን፣ ኢትዮጵያን ሳያይ፣ ቫሌንስያ ተቀምጦ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በአምባ አማራ ላይ ቤተ መንግሥት፣ ተወዳዳሪ የሌለው ቤተ መጻሕፍትና ዕንቁ የሞላበት ግምጃ ቤት ገነባ። የ1165ቱ ደብዳቤ በአዲስ አድራሻ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን ለማረም ኢትዮጵያ ተቀምጦ የራሱን ታሪክ ጻፈ። ኡሬታ የሚለውን አምባ፣ ማለትም ግሽንን፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀ፣ የአምባውን ምንጭና ቤቶቹን መዘገበ፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ደግሞ በግሽ ዓባይ የአባይን ምንጭ በዓይኑ አየ። ሥራውን በ1622 ሲጨርስ በዚያው ዓመት ሞተ። የኡሬታ ልብ ወለድ ወዲያው ሲነበብ የፓኤዝ እውነት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በእጅ ጽሑፍ ቀረ።

ከአባይ ማዶ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው፣ በመካነ ሥላሴ የተወለደው አባ ጎርጎርዮስ ነገሩን ወደፊት ገፋው። ሮም ሳለ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ምሁር ጋር ተዋወቀ፤ በ1652 ወደ ጎታ ተጠርቶ ሄዶ ስለ አገሩ ሕግ፣ እንስሳ፣ ወንዝ፣ ልማድና ቋንቋ ሲጠየቅ ሰነበተ። ያላወቀውን አላውቅም አለ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1681 ያሳተመው ታሪክ የዘመኑ ምርጥ መጽሐፍ የሆነው በዚህ ሰው ነው፤ በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውም የአባ ጎርጎርዮስ ድካም አለበት። ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ሞተ። በሞጣም፣ በቢቸናም፣ በመካነ ሥላሴም ሐውልት ቢቆምለት የሚገባው ሰው ነው።

ተረቱ ከዚያ በኋላ ከካርታ ወጥቶ ወደ ቅኔና ልብ ወለድ ገባ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ፣ በ1735፣ በጎጃም የኖረውን የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር፤ በ1759 የኢትዮጵያ መሳፍንት በተራራ በተከበበ ሸለቆ የሚኖሩበትን «ራስላስ»ን ጻፈ። ሲራክ ኅሩይ በኋላ ወደ አማርኛ መልሶታል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ደግሞ በ1816 ባሳተመው ግጥም የኩብላይ ካንን ቤተ መንግሥትና ኢትዮጵያዊት ልጃገረድን በአንድ ገጽ ላይ አገናኘ፤ በእጅ ጽሑፉ የጠራው ተራራ አማራ ነው። የከረይቷ ሶርቃቅታኒ ልጅና የአማራ ተራራ በአንድ ግጥም መገናኘታቸው ቄሱ ንጉሥ የተጓዘበትን መንገድ ሁለት ጫፍ ያሳያል።

በዘመናችንም የሣር ሜዳው ለልብ ወለድ ዓለም ፈጣሪዎች እንደተመቸ ነው። ቶልኪን በ1954 ማሳተም በጀመረው ሥራው ሮሃን የተባለ የፈረሰኞች ሜዳ ሠራ፤ ጆርጅ ማርቲን ከ1996 ጀምሮ የዶትራኪን የሣር ባሕር ሣለ። የሮሃን ሰዎች የሚታመን ሕዝብ የሆኑት ቋንቋና ዘፈን፣ የመቃብር ሥርዓትና የፈረስ ፍቅር ስላላቸው ነው። ዶትራኪዎች ግን ከሩብሩክ ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ ይጎድላቸዋል፤ እውነተኞቹ የሜዳ ሕዝቦች ጦረኛ ብቻ አልነበሩም፣ በግ ጠባቂ፣ ምንጣፍ ዳማጭ፣ ነጋዴ፣ ሕግ አውጪና ጾም የሚያስጨንቃቸው ምእመናንም ነበሩ።

ምናባዊ ሰው በእውነተኛ ምድር ላይ እንዴት እንደሚቆም ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ቅርብ ምሳሌ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልዶ በጎጃም አድባራት ተምሯል፤ በቢቸና አካባቢ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ ከተማረባቸው አንዷ ነች። በ1958 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባሳተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከማንኩሳ አስነሥቶ ዲማ ያደርሰዋል። ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው። መንገዱ፣ ደብሩ፣ የቅኔ ጉባኤው፣ ግብሩ፣ የባላባቱ ግቢና የገበሬው ምሬት ግን አንባቢው በእግሩ ሄዶ ሊያረጋግጠው፣ ወይም አያቱን ጠይቆ ሊሰማው የሚችል ነው፤ ዛሬም ዲማ ለመድረስ የሚነሣ ሰው ከቢቸና መንገዱን ጠይቆ ይሄዳል።